አባሪ አምስት፣ ገጽ 187

ሠረቀብርሃን የእናቱን ቤት በር ነቅሎ ወሰደ። ሌባ ነው እንዳይባል የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ሰክሮ ነው እንዳይባል ገና ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር። ጥር በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ የእንጦጦን ብርድ በሚራገምበት ሰዓት፣ ከታች አስፋልቱ ላይ የጭነት መኪና አቁሞ አንድ ተሸካሚ አስከትሎ መጣ። ደህና አደራችሁ አለ፤ መልሱን ግን አልጠበቀም። ማጠፊያውን በመዶሻ ፈልቅቆ በሩን አወረደው። ያ በር ደግሞ እንዲሁ የሚነቀል በር አልነበረም። አባታቸው ወልደ ሐዋርያት በሕይወት ሳሉ ከአንድ የጽድ ግንድ አስፈልጠው በገዛ እጃቸው የሠሩት፣ ለሁለት ሰው የሚከብድ፣ ከኪዳነ ምሕረት በታች ባለው ሰፈር "የጽድ በሩ ቤት" እየተባለ መንገድ የሚጠቆምበት በር ነው። እህቱ አስካለች ከማድ ቤት የፊት ውሃ ይዛ ስትወጣ በሩ በሁለት ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ በባሕር ዛፎቹ መሀል ቁልቁል ሲወርድ አየችው። ጣሳውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

"እማዬ፣ በሩን ወዴት ነው የሚወስደው?"

"ሊያሳድሰው ነው። ምስጥ ገብቶበታል አለ" አሉ እናቷ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ እንደተቀመጡ።

"ጽድ? ጽድን ምስጥ ሲበላው የት አይተሽ ታውቂያለሽ?"

በዚያ ቤት ሠረቀብርሃን ያደረገው ነገር አይጠየቅም። የበኩር ልጅ ነው፣ ወንድ ነው፣ ቀያሽ ነው፤ ላምበረት ሚስትና ልጆች አሉት፤ በወር አንድ ጊዜ ብቅ ሲል ወንበሩ በነጠላ ጫፍ ተወልውሎ ይጠብቀዋል። አስካለች ግን ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አግብታ ፈታ ከእናቷ ቤት ከተመለሰች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ ቤቱን የምታስተዳድር እሷ፣ ምርጊቱን የምትመርግ እሷ፣ እናቷን ጸበል የምታደርስ እሷ ስትሆን ወንበር ግን ወልውሎላት የሚያውቅ የለም። እና ዝም ብላ አንሶላ አምጥታ በበሩ ቦታ በሁለት ምስማር ሰቀለች። ከመስቀሏ በፊት ግን አንድ ነገር አየች። በር የሌለው ቤት ብርሃኑ ልክ የለውም፤ ለሠላሳ ዓመት ጨለማ የነበረው ያልጋው ሥር ሁሉ ወለል ብሎ ታየ። እዚያ፣ ከእናቷ እግር ኋላ፣ የፈረንጅ ጽሑፍ ያለበት ትልቅ የዘይት ጣሳ ተቀምጧል። ዘይት እንደ መድኃኒት በሚፈለግበት ዘመን!

"ይሄ ከየት መጣ?"

"ቀበሌ ሰጠን" አሉ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ፣ ጋቢያቸውንም ቶሎ ብለው ወደ ታች ለቀቁት። "ሂጂ በይ፣ ሥራ ረፈደብሽ።"

እውነትም ረፍዶባት ነበር። በፈረንሳይ ለጋሲዮን አድርጋ ቁልቁል እየሮጠች ቀበና ወንዝ አጠገብ ካለው መሥሪያ ቤቷ ስትደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል ሊሆን ትንሽ ነበር የቀረው። መሥሪያ ቤቱ የጥናት ጽሕፈት ቤት ነው፤ ሠረቀብርሃንም በመስክ ቀያሽነት የሚሠራው ለዚሁ ነው። ዘንድሮ የያዘው ሥራ የእንጦጦን ተዳፋት ደን ስለማልበስ የሚያወራ ወፍራም ጥናት ሲሆን አስካለች ከእሱ ውስጥ የምታውቀው ከምዕራፍ አንድ እስከ አራት ያለውን ብቻ ነው። ዝናቡን፣ አፈሩን፣ ምንጮቹን፣ የዛፎቹን ዓይነት እሷ ጽፋዋለች። የቀረውን ሌላዋ ታይፒስት ዘሙሩድ ጽፋዋለች። እንዲህ የተከፋፈለው በአጋጣሚ አይደለም፤ ጥናቱ "ምስጢር" የሚል ማኅተም አለበትና አንዷ የጻፈችውን ሌላዋ እንዳታይ ተብሎ ነው። ለነገሩ ባይከፋፈልም ልዩነት አልነበረውም። አሥራ ስምንት ዓመት የሠራች ታይፒስት የምትጽፈውን አታነብም። ፊደሉ በዓይን ገብቶ በጣት ይወጣል እንጂ መሀል ላይ የሚቆምበት ቦታ የለውም። አስካለች ራሷ "የሞት ፍርዴን ቢሰጡኝ አሳምሬ ነው የምጽፈው" ትል ነበር ስትቀልድ።

የኮምፒዩተሩ ክፍል ጫማ አውልቀው የሚገቡበት ነው፣ ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያን። አቧራ ማሽኑን ይገድለዋል ተብሏልና መስኮቱ በመጋረጃ ተሸፍኖ፣ ወለሉ በየጠዋቱ ተወልውሎ፣ ሠራተኛው በካልሲ ነው የሚሄደው። ማሽኖቹ ከመጡ አራት ወራቸው ነው፤ ሁለት ናቸው። ዘሙሩድ ለሁለቱም የዳንቴል ልብስ ሠርታላቸዋለች፤ ለመጻፊያው ለብቻ፣ ለቴሌቪዥን መሳዩ ለብቻ። ዘሙሩድ የላምበረት ልጅ ናት፤ አባቷ የጎጃም መስመር አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ አፏ አያርፍም።

"አስኩዬ፣ ዛሬ ምነው? ፊትሽ ብርድ የመታው ቲማቲም መስሏል።"

"ወንድሜ በራችንን ነቅሎ ወሰደው።"

"በር? ሰው በር ይወስዳል? ወላሂ ሳይቸግረው አይቀርም" አለችና ሳቀች። አስካለችም ሳቀች። ምን ታድርግ።

የዚያን ቀን ሥራ ማውጫው ነበር። ማውጫ ድሮ በታይፕ ራይተር ዘመን የአስካለች ክብሯ ነበረ። ጥናቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ ገጽ በገጽ ገልጣ፣ ርዕሱን በስተግራ፣ ቁጥሩን በስተቀኝ አድርጋ፣ በመሀሉ ነጥቦቹን አንድ በአንድ እየመታች፣ ሁሉም ቁጥር በአንድ መስመር ልክ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ እስኪቆም ትደክምበታለች። አንዲት ነጥብ ከበዛች ወረቀቱን ቀዳ እንደገና ትጀምራለች። አዲሱ ማሽን ግን ይህን ሁሉ ቀማት። ከሥልጠናው እንደተማሩት እያንዳንዷ ታይፒስት ርዕስ በጻፈች ቁጥር አንዲት ቁልፍ ተጭና "ይህ ርዕስ ነው" ብላ ለማሽኑ ምልክት ታደርግበታለች፤ መጨረሻ ላይ ማሽኑ ራሱ ጥናቱን ከዳር እስከ ዳር አስሶ ምልክት ያለበትን ሁሉ ለቅሞ፣ ገጹን ቆጥሮ፣ ነጥቡን ደርድሮ ማውጫ ያወጣል። ለሰው የሚቀረው ማሳመር ነው። ንዑስ ርዕሶቹን ወደ ውስጥ ገባ ማድረግ፣ ቁጥሮቹን ወደ ቀኝ ጠርዝ ማስጠጋት፣ የመቅድሙን ገጾች በግዕዝ ቁጥር መለየት።

"በዘጠኝ ሰዓት ታትሞ እፈልጋለሁ" አሉ የጥናቱ ኃላፊ ጓድ አካሉ፣ በካልሲያቸው በሩ ላይ ቆመው። ጓድ አካሉ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ብቻ ገና ወረቀት ሳያዩ መፈረም የሚወዱ ሰው ናቸው። "ነገ ኮሚቴው ይቀመጥበታል። ኮሚቴው የሚያነበው ማውጫውን ነው፤ እኔም የማነበው ማውጫውን ነው። ሁለት መቶ ገጽ የሚያነብ ጊዜ ያለው ማን አለ? ስለዚህ ማውጫው ይመርልኝ።"

አስካለች የራሷንና የዘሙሩድን ዲስኬቶች ወደ አንድ አዋህዳ ቁልፉን ተጫነች። ማሽኑ ለአፍታ አጉረመረመና መስመሮቹን ከላይ ወደ ታች ያወርዳቸው ጀመር። ዝናቡ መጣ፣ አፈሩ መጣ፣ ምንጮቹ መጡ፤ የገዛ ሥራዋ ነው፣ ታውቀዋለች። ከዚያ የማታውቀው መጣ። ምዕራፍ አምስት፣ ምዕራፍ ስድስት። ቁጥሮቹ ቀጥ ብለው መቆማቸውን ለማየት ዓይኗን በቀኝ ጠርዝ ስታወርድ አንዱ ቁጥር ወጣ ብሎ አገኘችውና መስመሩን ወደ ግራ ተከትላ ሄደች፤

ምዕራፍ ሰባት፦ ከኪዳነ ምሕረት በታች ያሉ ተነሺ መንደሮች ........ 131

አነበበችው። በአሥራ ስምንት የሥራ ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠራውን ነገር አነበበች። ተነሺ? ከኪዳነ ምሕረት በታች ያለው እኮ የእነሱ ሰፈር ነው! ጣቷ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቀረ። ወዲያው በሩ ትዝ አላት። አይ ሠረቀ! ቀያሹ እሱ፣ የቤት ቆጠራውን ቡድን ይዞ ሰፈሩን የዞረው እሱ፣ ባለፈው ወር "የደን ቆጠራ ነው" እያለ በየግቢው የገባው እሱ። በሩ ምስጥ አልበላውም። ቤቱ እንደሚፈርስ ስላወቀ የሚተርፈውን ቀድሞ ማውጣቱ ነው። ለገዛ እናቱ አንድ ቃል ሳይተነፍስ!

ወደ ታች ወረደች፤

አባሪ 4፦ ምትክ ቦታ የሚሰጣቸው አባወራዎች ........ 172
አባሪ 5፦ ጧሪ የሌላቸውና ወደ መጦሪያ የሚገቡ አረጋውያን ........ 187

የገጽ ቁጥሩ ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ ሥራዋ ነው፤ ማንም ምን ታነቢያለሽ ሊላት አይችልም። ገጽ 172ን አወጣች። ዝርዝሩ በግቢ ነው፤ ለአንድ ግቢ አንድ ምትክ ቦታ። ግቢ ቁጥር ሃያ ስድስት፣ የእነሱ ግቢ፣ ከፊቱ የቆመው ስም ሠረቀብርሃን ወልደ ሐዋርያት ነው። እናቷ የሉም። እሷም የለችም። የቤቱ ወረቀት በእናቷ ስም መሆኑን ቀበሌው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ታዲያ እናቷ የት ገቡ? ብላ ገጽ 187ን ገለጠች። ምንም አልጠረጠረችም፤ ይህን ኋላም ደጋግማ ተናግራዋለች፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ ምንም አልጠረጠርኩም ነበር እያለች። በተራ ቁጥር አንድ ላይ እንዲህ ይላል፤ ወ/ሮ ወለተጊዮርጊስ በዳዳ፣ ዕድሜ 71፣ ልጅ፦ የለም፣ ዘመድ፦ የለም፣ ጧሪ፦ የለም።

ክው አለች። ልጅ የለም። ጧሪ የለም። ትናንት ማታ እግራቸውን ያጠበችላቸው ማን ናት? ተነሥታ ወጣች፤ ጫማዋን ማድረግ ረስታ በካልሲዋ ጠጠሩን እየረገጠች ግቢው መሀል ካለው የውሃ ቧንቧ ድረስ ሄደች፣ ቧንቧውን ከፈተች፣ አልጠጣችም፣ ዘጋችው። ዘበኛው "ምን ሆንሽ?" ቢላት አልሰማችውም። ዘሙሩድ ጫማዎቹን በእጇ አንጠልጥላ ተከትላት መጣች።

"አስኩ፣ ምን ነካሽ? ካልሲሽን እይው እስኪ!"

"አባሪ አምስትን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ። ምነው፣ ስህተት አለው?"

"የመጀመሪያዋ ሴትዮ እናቴ ናት።"

ዘሙሩድ አፏን በእጇ ያዘች። ስሙን በጣቷ አውጥታዋለች፤ ዘመድ የለም ስትል፣ ጧሪ የለም ስትል ለአሥራ ዘጠኝ ሰው አንድ ዓይነት ቃል መትታለች፤ እንዲያውም ሲደጋገም ጊዜ እንዲቀላት ብላ ከላይ እየገለበጠች ነበር የለጠፈችው። ወደ ክፍሉ ተመልሰው ከመሳቢያዋ የቆጠራውን ቅጽ አወጣችላት። በእስኪርቢቶ የተሞላ ነው፤ ከግርጌው የእናቷ የአውራ ጣት ምልክት በሰማያዊ ቀለም ወፍሮ ተቀምጧል። "መዝጋቢ" በሚለው ሥር ደግሞ ያ አስካለች ከልጅነቷ ጀምሮ በደብተር ልባስ ላይ ስታየው የኖረችው፣ ጅራቱ የሚጠመዘዝ ፊርማ አለ። ልጁ ልጅ የላትም ብሎ ፈርሟል። አስካለች አላለቀሰችም። ድንጋጤ ዕንባም ያደርቃል።

አምስት ሰዓት ላይ ጓድ አካሉ ብቅ አሉና በስክሪኑ ላይ ማውጫውን አዩት። ወደዱት። አንድ ነገር ብቻ ቅር አላቸው። "ይሄ ጧሪ የሌላቸው የሚለው ማውጫ ላይ ደስ አይልም። መልኩን ያበላሸዋል። አባሪው እዚያው ውስጥ ይቀመጥ፣ ከማውጫው ግን ይውጣ" አሉ። አስካለች መስመሩን ሰረዘችው። ከዚያ የመቅድሙ ገጽ አንድ ስለጨመረ ቁጥሮቹ እንዲስተካከሉ ማሽኑን እንደገና ማውጫ አውጣ አለችው። መስመሩ ተመልሶ መጣ። ጓድ አካሉ ተገረሙ፤ "ሰርዘሽው አልነበር?" ሰረዘችው፤ እንደገና አወጣች፤ መጣ። "ማሽኑ የሚለቅመው ከውስጥ ነው፣ ጓድ አካሉ። ውስጥ ርዕስ ተብሎ ምልክት እስካለበት ድረስ እዚህ ቢሰርዙት ዋጋ የለውም" አለቻቸው። "ጉድ ነው!" አሉ ኃላፊው፣ ማሽኑን እንደ ግትር በሬ ትክ ብለው አይተው፤ "በይ እንግዲያው ይቅር፣ ጊዜ የለንም" ብለው ወጡ።

የምሳ ሰዓት ሆነ። ዘሙሩድ ወጥታ ዳቦ ገዝታ ብትመጣም አስካለች አልቀመሰችም። ማሽኑ ፊት ተቀምጣ አሰበች። ማጥፋት ትችላለች። አንዲት ቁልፍ ተጭና የእናቷን ስም ከአባሪ አምስት ማጥፋት ቀላል ነው፤ ግን ከዚያ ካጠፋቻቸው እናቷ የትም አይገኙም፤ ከመጦሪያውም የሉ፣ ከምትኩም የሉ፣ ቤታቸው ፈርሶ ሜዳ ላይ መቅረታቸው ነው። የወንድሟን ስም ከአባሪ አራት አንስታ የእናቷን ማስገባትም ትችላለች፤ ግን ቅጹ በፊርማ አለ፤ ነገ ቢመሳከር ምስጢራዊ ሰነድ አጭበረበረች ተብላ ዘብጥያ የምትወርደው እሷ ናት። ዝም ማለትም ይቻላል። ወንድሟ የተማመነው በዚህ ዝምታ ነው፤ እሷ አፈርና ዝናብ ስትጽፍ አባሪው የሚጻፈው በሌላ እጅ መሆኑን ያውቃል። ያላሰበው አንድ ነገር ማውጫውን ብቻ ነው። ማውጫ የነጥብ ሥራ ነው ብሎ የናቀው ይሆናል።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አለች ዘሙሩድ በሹክሹክታ።

"ሥራዬን ልሠራ።"

ገጽ 187ን ገለጠች። ከተራ ቁጥር አንድ በላይ ክፍት መስመር አበጀችና ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ፊደል እያነበበች፣ ጻፈች። አንድም የሐሰት ቃል አልጨመረችበትም። ከዚያ ርዕስ የሚያደርገውን ቁልፍ ተጫነች። ማውጫውን እንደገና አወጣች። ማሽኑ አጉረመረመ፣ ለቀመ፣ ቆጠረ፣ ነጥቡን ደረደረ። ከአባሪ አምስት ሥር፣ ገባ ብሎ፣ እንዲህ የሚል መስመር ተቀመጠ፤

5.1 ወ/ሮ ወለተጊዮርጊስ በዳዳ፣ የሠረቀብርሃን እና የአስካለች ወልደ ሐዋርያት እናት ........ 187

ነጥቦቹን አስተካከለች። ቁጥሩን ወደ ቀኝ ጠርዝ አስጠጋች። ካለፈው ማውጫዋ ሁሉ ይህኛው አማረ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማተሚያው ያን የሚያፏጭ ድምፁን እያሰማ ወረቀቱን ተፋው። ጓድ አካሉ የወረቀቱን የግራና የቀኝ ባለ ቀዳዳ ጠርዝ ራሳቸው ቀደው ማውጫውን ቆመው አነበቡ። ሌባ ጣታቸው በየመስመሩ ወረደ፣ ወረደ፣ መጨረሻው አካባቢ ቆመ። ተመልሶ ከመስመሩ መጀመሪያ ተነሣ።

"ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?"

"እናቴ ናት፣ ጓድ አካሉ። የእኔና የሠረቀብርሃን እናት። ጧሪም ልጅም የላቸውም ተብለው ተመዝግበዋል። የመዘገባቸው ሠረቀብርሃን ነው፤ ቅጹ ይኸውና። በግቢያችን የሚሰጠው ምትክም በስሙ ገብቷል።"

ኃላፊው ቅጹን አዩ፣ ማውጫውን አዩ፣ እሷን አዩ። ወንበር ፈለጉና ተቀመጡ። "የገዛ እናቱን?" አሉ ቀስ ብለው፤ "እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብዙ ጉድ ፈርሜያለሁ..." አልጨረሱትም። ከዚያ ደግሞ ኃላፊነታቸው ትዝ አላቸው መሰለኝ ፊታቸው ተለወጠ። "በይ አሁን ይቺን መስመር አውጪልኝ። ኮሚቴው ፊት የቤተሰብ ገመና ይዤ አልቀርብም።"

"አወጣታለሁ። ግን ጠዋት እንዳዩት ነው። ከውስጥ ካልተስተካከለ ተመልሳ ትመጣለች።"

እውነቱን ለመናገር ምልክቱን ማንሳት የሁለት ቁልፍ ሥራ ነበር። እሳቸው አልጠየቁም፣ እሷ አልነገረቻቸውም። ዘሙሩድ ይህን ታውቃለች፤ ግን የማሽኑን ዳንቴል ዘርፍ እየቆጠረች አንገቷን እንደ ደፋች ቀረች። ጓድ አካሉ ስልኩን አነሡና ሠረቀብርሃንን አስጠሩ፤ አባሪ አራትና አምስት ዳግመኛ እስኪጣሩ ከነገው ጥራዝ ይውጡ ብለው አዘዙ። ስልኩን ሲዘጉ አስካለችን ቀና ብለው ሳያዩ ተናገሩ። "አንቺም ያልተሰጠሽን ገጽ አንብበሻል። ከነገ ጀምሮ መዝገብ ቤት ነሽ። ማሽኑን ለዘሙሩድ አስረክቢ።" ቅር አላት፣ ውሸት ምን ያደርጋል፤ ያንን ማሽን ወዳው ነበር። ግን ጫማዋን አደረገችና ወጣች።

ዳገቱን ስትወጣ ሰፈሩ እንደ ትናንቱ ነበር፤ ያስደነገጣት ይኸው ነው። አንዷ አጥሯን ታጥራለች፣ አንዱ የጓሮ ጎመኑን ውሃ ያጠጣል። ጎረቤታቸው ጋሽ ዲንሳ ጣሪያቸው ላይ ወጥተው አዲስ ቆርቆሮ ይመታሉ። "እንዴት ዋልሽ አስካለች! ክረምቱ ሳይመጣ ላስጠብቀው ብዬ እኮ ነው!" አሏት ከላይ። ምስጢር ነው፤ የተናገረ ይታሰራል። ልታልፍ ነበር፣ ሁለት እርምጃ አልፋም ነበር። "ጋሽ ዲንሳ፣ ይውረዱ" አለቻቸው ዞር ብላ። "ምስማሩን አያባክኑት። ነገ ቤትዎ መጥቼ እነግርዎታለሁ።" የመዶሻው ድምፅ ቆመ።

እናቷ እንደ ጠዋቱ አልጋቸው ላይ ነበሩ። አንሶላውን ንፋስ እያውለበለበው ቤቱ ቀዝቅዟል። አስካለች ሁሉንም ነገረቻቸው፤ መንደሩ እንደሚነሣ፣ ቦታው በማን ስም እንደገባ፣ መጦሪያ የሚባለውን። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ እስክትጨርስ አላቋረጧትም። ከዚያ ቁልቁል ወዳልጋው ሥር አዩ።

"ለዘይቱ ነው" አሉ። "ሠረቀ መጣና፣ ጧሪ ለሌላቸው ሽማግሌዎች ቀበሌ ዘይት ያድላል፣ ልጅ የለኝም በይና ጣትሽን አኑሪ አለኝ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው አለኝ። እኔ ደግሞ አንቺ ስትለፊ እያየሁ፣ እስቲ አንድ ነገር ላግዛት ብዬ... ለአንድ ጣሳ ዘይት ካድኳችሁ፣ ልጄ።" ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አስካለች አጠገባቸው ተቀመጠች። ልትቆጣ ፈልጋ ነበር፤ ቁጣው ግን ከየት ይምጣ? የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ልጅ በእናቷ ትከሻ ላይ ተደፍታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ሠረቀብርሃን መጣ። እያለከለከ ነው የወጣው፤ ከአንሶላው ማዶ ጥላው ታየ። ሊያንኳኳ እጁን ዘረጋ፣ የሚያንኳኳው አጣ፣ እጁ አየር ላይ ቀረ።

"አስካለች! ምን አደረግሽኝ? እንጀራዬን ቆረጥሽው እኮ! ለግቢው የሚሰጠው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ካልያዝኩት ልጆቼን የት ላድርጋቸው? ቤቱን ሠርቼ ስጨርስ እማዬን ከመጦሪያው አወጣት ነበር፤ ማርያምን፣ አወጣት ነበር!"

"ማነው?" አሉ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ከውስጥ።

"እኔ ነኝ፣ እማዬ።"

"እኔ ማን?"

"ሠረቀ ነኝ። ልጅሽ።"

ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። አስካለች ልትደግፋቸው ብትል በእጃቸው ከለከሏት። ካልጋው ሥር ጣሳውን በሁለት እጃቸው ጎትተው አወጡና እየተንፏቀቁ እስከ ደፉ ወሰዱት፤ አንሶላውን ገልጠው ከልጃቸው እግር ፊት አኖሩት።

"ልጅ ካለኝ ይሄ አይገባኝም። ወስደህ ለቀበሌው መልስልኝ፤ እናቴ ልጅ አላት በላቸው፣ በአፍህ ንገራቸው። ስትመለስ በሩን ይዘህ ና። ቤቱ እስኪፈርስ ድረስ በበር ነው የምኖረው።"

ሠረቀብርሃን እናቱን አየ፣ ከኋላቸው የቆመችውን እህቱን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጣሳውን አነሣው። ከተከፈተ ሰንብቷል፤ ግማሹ ተበልቷል።